ክሌማቲሴ አጥር አልወጣ አለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ልንቀለው?

የበረንዳዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ ሌላው ሲጠይቅ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ አሁን ግን ቤት ውስጥ መሳቂያ ስለሆንኩ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። የምንኖረው ሬንተን ነው ሲያትል አጠገብ። የዛሬ ሁለት ዓመት ኤፕሪል ላይ ናርሰሪ ሄጄ ክሌማቲስ የሚል ወረቀት ያለበት ችግኝ ገዛሁ፣ ክሌማቲስ ማለት ያው ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ የማየው ግድግዳውን ይዞ ወጥቶ ሳህን የሚያክል ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው ነው ብዬ። ባሌ ደሞ መዶሻ የሚያስነሳ ሥራ ካገኘ ደስታውን አይችለውም፣ 8 ጫማ ቁመት ያለው የእንጨት ትሬሊስ (ተክል የሚወጣበት መደገፊያ) ሠርቶ ከአጥሩ ጋር በብሎን አሰረልኝ።

ታዲያ ተክሉ እስከ ወገቤ አካባቢ ይደርስና በቃ ይወድቃል። በገመድ አስሬ ወደ ላይ ጎትቼዋለሁ፣ ገመዱን ስፈታው ተመልሶ ይተኛል። አንድም ቀን ራሱ እንጨቱን ይዞ አያውቅም። አበባው ግን አለ፣ ሰማያዊ ሐምራዊ የሚመስል፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ድረስ አንዴም ሳያቋርጥ፣ ብቻ የሚያብበው ሳሩ ላይ ተዘርሮ ስለሆነ ባሌ ሳር ባጨደ ቁጥር ግማሹን ይቆርጠዋል። ክረምት ላይ ደሞ ድርቅ ብሎ ጠቆረ፣ ሞተ ብዬ ልጥለው ስል ማርች ላይ ከመሬት አዲስ ቡቃያ ወጣ፣ ቡቃያውን ደሞ ሌሊት ሌሊት የሆነ ነገር እየመጣ ይበላዋል።

በዚህ ላይ እናቴ ከጎንደር መጥታ አብራን ናት፣ ገና ስታየው «ይሄማ አዞ ሐረግ ነው፣ አጥር ላይ በነጻ የሚበቅል፣ ምን ብለሽ ነው ብር የከፈልሽበት» አለችኝ። ወረቀቱን ፈልጌ አገኘሁት፣ አራቤላ ይላል። ልንቀለውና ሌላ ልግዛ ወይስ የሆነ ያላደረግኩለት ነገር አለ? ፀሐይ ያገኛል፣ ማዳበሪያም አልነፈግኩትም።

አፈር ገፊ

ኧረ በፈጠረሽ እንዳትነቅዪው! ተክሉ ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ ነው። አንቺ ከሱ የምትፈልጊው ነገር ነው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሆነው። አራቤላ የማይወጣ ክሌማቲስ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ብትጠብቂው አጥር አይዝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዎች ክሌማቲስ ሲባል ሁሉም የሚወጣ ይመስላቸዋል። የሚወጡት በምን እንደሚወጡ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደ ወይን የተለየ መጠምጠሚያ ክር የላቸውም፣ የሚይዙት በቅጠላቸው አንገት ነው፣ ቅጠሉን ከግንዱ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ ሽቦ ወይ ገመድ ሲነካ ዞሮ ይጠመጠምበታል (ለዚህም ነው የሚወጣውም ቢሆን ወፍራም ጣውላ መያዝ የሚያቅተው፣ ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር ነገር ነው የሚፈልገው፣ ለባልሽ ንገሪልኝ)። ከማይወጡት ውስጥ ዋናው ኢንተግሪፎሊያ የሚባለው ነው፣ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ ጀምሮ እስከ መካከለኛው እስያ የሚበቅል የሜዳ ተክል። የሱን ቅጠል ብታይው ያልተከፋፈለ አንድ ወጥ ሆኖ ግንዱ ላይ ቁጭ ያለ ነው፣ አንገት የለውም ማለት ይቻላል። በምኑ ይያዝ? አራቤላ ከሱ ወገን ተዳቅሎ የመጣ ነው፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ባሪ ፍሬትዌል የሚባል የክሌማቲስ አዳቃይ ያወጣው። አበባውን ከሌላው ወገን ወርሶ ፊቱን ቀና አድርጎ ይከፍታል፣ ጸባዩ ግን የኢንተግሪፎሊያ ነው፣ መደገፍ እንጂ መያዝ አያውቅም።

እኔ ለንደን ነው ያለሁት፣ ጓሮዬ የምንጣፍ ያህል ናት፣ ሦስት የማይወጡ ክሌማቲሶች አሉኝ። አንዱ አራቤላ ነው፣ እኔ ጭራሽ ድጋፍ የሚባል ነገር አላደረግኩለትም፣ መሬቱን ሸፍኖ በሌሎቹ አበቦች መሃል እየተሽሎከለከ ይሄዳል፣ የጽጌረዳው እግር ሥር ባዶ የነበረው ቦታ ሞላልኝ። ሁለተኛው አሊዮኑሽካ ነው፣ ክራይሚያ ያልታ አጠገብ ያለው የኒኪትስኪ የዕፅዋት ማዕከል ያዳቀለው፣ ደወል የመሰለ ሮዝ አበባ አንገቱን ደፍቶ ያወጣል፣ ዳሩ ሲጠቀለል እንዴት እንደሚያምር። ሦስተኛው ዱራንዲ፣ ፈረንሳይ ሊዮን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተዳቀለ የድሮ ሰው ነው፣ ቀለሙን በቃል መግለጽ አልችልም፣ ኢንዲጎ ይሉታል፣ መሃሉ ላይ ክሬም የመሰለ ቢጫ አለው።

አሁን ያንቺን እንመልከት፣ እስከ ወገብ ደርሶ መውደቁ ያለ ነው ግን «ማዳበሪያም አልነፈግኩትም» ያልሽው ነገር አስጠረጠረኝ። ምን ዓይነት ማዳበሪያ ነው? ናይትሮጅኑ የበዛ ከሆነ ግንዱ ውሃ ብቻ ይሆንና ቶሎ ይረዝማል፣ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝም ንገሪን።

የበረንዳዋ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ማዳበሪያው የሳሩ ነው 😅 ባሌ ሳሩ ላይ ሲበትን እግረ መንገዱን እዛም ላይ እንዲጨምር እኔው ነኝ ያልኩት። ፀሐይ ጠዋት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ያገኛል፣ በአሜሪካ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ከዛ በኋላ የጎረቤት ትልቅ ጥድ ያጠላበታል።

አፈር ገፊ

ተገኘ! የሳር ማዳበሪያ እኮ ሳሩ ቅጠል እንዲያወጣ ተብሎ ናይትሮጅን የታጨቀበት ነው። እሱን አቁሚ፣ ፀደይ ላይ አንድ ሁለት አካፋ ኮምፖስት ዙሪያውን አድርጊለት፣ ካስፈለገ ለቲማቲም የሚሸጠውን ማዳበሪያ እምቡጥ ሳይከፍት ስጪው። ግማሽ ቀን ፀሐይ ያኖረዋል ግን ወደ ብርሃኑ እየሳበ ስለሚረዝም ለመውደቁ ይሄም አስተዋጽኦ አለው። 6 ሰዓት ቢያገኝ ነው ጥሩ።

ሸክላ አፈር

ቨርጂኒያ ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ። ጋሼ ካሉት አንድ ነገር ልጨምርና በአንዱ ልከራከር።

የምጨምረው ስለ አተካከሉ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ኢንተግሪፎሊያ የገደልኩት በማንበብ ነው። ክሌማቲስ በጥልቀት ይተከል፣ ከመጣበት ፖት ሁለት ሦስት ኢንች ዝቅ ብሎ ይቀበር የሚለውን ሁሉም ቦታ አነበብኩ፣ እንደተባልኩት ቀበርኩት። ያ ምክር ግን ለእነዚያ ትልልቅ አበባ ላላቸው የሚወጡት ነው፣ እነሱን ዊልት የሚባል የፈንገስ በሽታ በአንድ ሌሊት ግንዱን አጠውልጎ ስለሚጥላቸው ከአፈር በታች የተቀበረ እንቡጥ ኖሯቸው እንደገና እንዲያቆጠቁጡ ተብሎ ነው። በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው የማይወጣው ዓይነት በዊልት ብዙም አይጠቃም፣ አናቱ (ግንዱ ከሥሩ የሚነሳበት ቦታ) ከአፈሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። የኔ አፈር ደሞ ቀይ ሸክላ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ገንዳ ነው የሚሆነው፣ እዛ ውስጥ የተቀበረ ነገር ክረምቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ተኝቶ በሰበሰ። ማርች መጣ፣ ኤፕሪል መጣ፣ ምንም የለም፣ ቆፍሬ ሳየው እንደ ጭቃ ሆኗል። ሁለተኛውን ሳስተክል መሬቱን ከፍ አድርጌ ኮምፖስት ቀላቅዬ ነው፣ አሁን አምስተኛ ዓመቱ ነው እስከ 3 ጫማ ይደርሳል፣ አበባው ሲረግፍ የሚመጣው ፀጉራም ፍሬ ራሱ ጌጥ ነው።

የምከራከረው ጋሼ ገና ግንዱ መቼ እንደሚገረዝ አልጻፉም ግን የእንግሊዝ ሰዎች ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው የሚሉት። እኔ ኖቬምበር ላይ ቅጠሉ እንደደረቀ ሙልጭ አድርጌ ነው ከመሬት የምቆርጠው፣ ምን ያደርጋል ጥቁር ጭራሮ ክረምቱን ሙሉ እያዩ መኖር? ምንም ሆኖ አያውቅም።

አፈር ገፊ

ወንድሜ ያንተው እውነት ነው ግን ያንተ ንጹሕ ኢንተግሪፎሊያ ነው፣ ግንዱ ክረምት ላይ እስከ መሬት ይሞታል፣ በኖቬምበርም ቁረጠው በማርች ለውጥ የለውም። አራቤላና ዱራንዲ ግን ከታች ትንሽ እንጨት እየሆኑ ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ አዲሱ እንቡጥ ከአሮጌው ግንድ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይነቃል። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይ ማርች መግቢያ ላይ እንቡጡ ሲያብጥ እያየሽ ከሱ በላይ ያለውን ቁረጪ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር አካባቢ ተዪለት። ምንም እንቡጥ ካላየሽ ከመሬት ቁረጪው፣ ከሥሩ ይመጣል። የሚያብበው በአዲሱ ግንድ ላይ ስለሆነ በጣም ቆረጥኩት ብለሽ አትፈሪ። ደሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ አሮጌው ጭራሮ ቦታውን ያሳይሻል፣ እኔ አንድ ክረምት አጽድቼ ቆርጬ የት እንደነበር ረስቼ በአካፋ ለሁለት ከፈልኩት። (ሁለቱም ግማሽ ግን በቀለ።)

ሙኒክ ያለችው

ሰላም፣ እኔም ከጀርመን ልግባ። እዚህ ክሌማቲስን ቫልድሬበ ነው የሚሉት፣ የጫካ ሐረግ እንደማለት ነው፣ የሚገርመው ግን የማይወጣውንም ያው ቫልድሬበ ነው የሚሉት ከፊቱ «የቆመው» የሚል ጨምረው። የቆመው የሚሉት ሬክታን ነው፣ የመካከለኛው አውሮፓ የዱር ተክል ነው። የኔ ሬክታ ደሞ የቆመ ብቻ ስሙ ነው፣ ጁን ላይ ከኔ ቁመት ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው፣ ከዛ ብዛት ያለው ትንንሽ ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ ያወጣል፣ ሽታው ጓሮውን ይሞላዋል፣ ከዛ አንድ ዝናብ ሲመታው ግራና ቀኝ ለሁለት ይከፈልና እንደ ሰከረ ሰው ይጋደማል። ድጋፉን አበባው ከመጣ በኋላ ማድረግ ዋጋ የለውም፣ ኤፕሪል ላይ ጉልበት ሳይደርስ ዙሪያውን እንጨት መትከል ነው፣ ራሱ በመሃሉ ያድግና ይሸፍነዋል።

የጻፍኩት ግን ለሌላ ነገር ነው፣ ጓንት! ማንም አላነሳውም። እኔ ባለፈው ዓመት የወደቀውን ሬክታ በባዶ እጄ አቅፌ ሳስር ሳስር ቆየሁ፣ አንዳንዱ ግንድ ተሰብሮ ፈሳሹ ክንዴ ላይ ፈሰሰ፣ ምንም አልመሰለኝም። በማግስቱ ክንዴ ቀልቶ ውሃ ቋጠረ፣ እሳት የነካኝ ነው የሚመስለው፣ ጠባሳው ለብዙ ወር አልጠፋም። ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት የነገረችኝ፣ ክሌማቲስ ሲሰበር ፕሮቶአኔሞኒን የሚባል ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል፣ ሲደርቅ ነው የሚጠፋው። ፈረንሳዮች የዱሩን ክሌማቲስ የለማኝ ቅጠል ይሉታል አለችኝ፣ ድሮ ለማኞች ቆዳቸውን በሱ አሽተው ቁስል እያስመሰሉ ይለምኑበት ስለነበር። እኔ በነጻ ነው ያገኘሁት ሃሃሃ። ልጆች ካሉሽ ወደ አፋቸው እንዳያስገቡትም ተጠንቀቂ።

የደባርቁ

እናትሽን እቀፊልኝ፣ ትክክል ናቸው! አዞ ሐረግ ክሌማቲስ ነው። ደጋው ላይ አጥር ላይ፣ ጫካ ዳር፣ ወንዝ ዳር የሚታየው፣ ክሬም መሰል ነጭ አበባ አውጥቶ በኋላ እንደ ጥጥ የሚበተን ፍሬ የሚያፈራው። በአማርኛ አዞ ሐረግ የምንላቸው ሁለት ዝርያዎች ናቸው፣ አንደኛው ክሌማቲስ ሂርሱታ ሁለተኛው ክሌማቲስ ሲመንሲስ፣ ሲመንሲስ ማለት «የሰሜን» ማለት ነው፣ የኛን የሰሜን ተራራ ስም ይዞ ነው በዓለም የሚታወቀው። ስለዚህ እህታችን አንቺ ሬንተን ድረስ ሄደሽ የገዛሽው የአዞ ሐረግን የአክስት ልጅ ነው። ልዩነቱ የኛው መውጣት ያውቅበታል፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ አናቱን ይሸፍናል፣ ለሱ ቢሆን ኖሮ የባልሽ ትሬሊስ ሁለት ዓመት ባዶ አይቀመጥም ነበር።

የሙኒኳ እህት ያለችው የቃጠሎ ነገር እኛም ጋር የታወቀ ነው። አዞ ሐረግ በባህል ሕክምና ለቁስልና ለእባጭ ቅጠሉ ተወቅጦ ይለጠፋል፣ ቆይቶ ከተነሳ ግን ቆዳውን ልጦ ነው የሚሄደው። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ጉልበታቸው ላይ አስረው አድረው በማግስቱ ጉልበታቸው ተገሽልጦ አይቻለሁ። ስለዚህ እናትሽ ደሞ «ለወገቤ» ብለው እንዳይወቅጡት 😄

ሸክላ አፈር

@የደባርቁ ይሄን አላውቅም ነበር፣ አያቴ ቤት አጥር ላይ የነበረው እሱ ነው ማለት ነው፣ ያንን የጥጥ ፍሬ እየነፋን እንጫወትበት ነበር። ስንት ብር ነው እዚህ ያወጣሁት።

የበረንዳዋ ልጅ

እናቴ ሳነብላት «አላልኩሽም!» ብላ እስካሁን ድል እየመታች ነው። ወገቧንም አሟታል ግን ነግሬያታለሁ አትነካውም።

ሁለት ጥያቄ ቀረችኝ። ቡቃያውን የሚበላው ምንድነው? ደሞ ከጥዱ ጥላ አውጥቼ ወደ በረንዳው ፊት ለፊት ላዛውረው አስቤያለሁ፣ ይችላል ወይ፣ እግረ መንገዴን ለሁለት ብከፍለውስ?

አፈር ገፊ

ሲያትል ከሆነ የሚበላው ቀንድ አውጣ ነው፣ ያ ዛጎል የሌለው፣ ልጋጉ እንደ ብር እያብለጨለጨ ጠዋት መሬት ላይ መንገዱ ይታያል። እናንተ ጋር ያለው ደሞ ሙዝ የሚያክል ዓይነት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ማርች ላይ ቡቃያው ለስላሳ ሳለ ነው የሚጎዳው፣ አንድ ስንዝር ካለፈ በኋላ ግንዱ ስለሚጠነክር ብዙም አይደፍረውም። ማታ ባትሪ ይዘሽ ወጥተሽ መልቀም ነው፣ እኔ ለሦስት ሳምንት በየማታው ነው የምወጣው፣ ጎረቤቴ ሌባ መስሎት ነበር። መልቀሙ ካስጠላሽ አይረን ፎስፌት የሚለውን ቀንድ አውጣ መግደያ ፍሬ ግዢና ከቡቃያው ዙሪያ በትኚ፣ ከድሮው ሰማያዊ መርዝ ለውሻና ለድመት ይሻላል። ቡቃያው ከመውጣቱ በፊት ብትጀምሪ ነው ጥሩ።

ማዛወሩ ይቻላል፣ አሁን በሙቀቱ ግን አይሆንም፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ከገረዝሽው በኋላ ቡቃያው ገና ሲያብጥ። ሥሩ ረጅምና እንደ ገመድ ወፍራም ነው፣ ሰፋ አድርገሽ ዙሪያውን ቆፍሪ፣ የቻልሽውን ያህል አፈር ከነሥሩ ይዘሽ አንሺ። መክፈሉን ግን ተዪው፣ ሁለት ዓመቱ ነው ገና፣ ግንዶቹ በዝተው ጉቶው ሲሰፋ በአራተኛ በአምስተኛ ዓመቱ በሰላ አካፋ ወይም በመጋዝ ትከፍዪዋለሽ። የኔ በስህተት ተከፍሎ በቀለ ማለት ያንቺም ይበቅላል ማለት አይደለም። ከተዛወረ በኋላ ያለው የመጀመሪያ በጋ ላይ ውሃ እንዳይጠማው፣ እናንተ ጋር ዝናብ ብቻ ነው ይባላል እንጂ ጁላይና ኦገስት ድርቅ ነው፣ በሳምንት አንዴ በደንብ አርጥቢው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማርከፍከፍ። ሥሩ ላይ ሁለት ኢንች የሚሆን ጉዝጓዝ አድርጊ፣ ቅርፊትም ይሁን ደረቅ ቅጠል፣ አናቱን ግን እንዳይነካ ትንሽ ክፍተት ተዪ።

ሸክላ አፈር

የዋሽንግተን ስቴት ምዕራቡ አፈር በዝናቡ ምክንያት አሲዳማ ነው፣ ጥድ ሥር ደሞ ሥሩ ውሃውን ይሻማል። አዲሱ ቦታ ላይ አፈሩን አስመርምሪና አሲዱ ከበዛ ትንሽ ኖራ ጣል አድርጊበት፣ ክሌማቲስ ብዙም አያማርጥም ግን በጣም አሲዳማውን አይወድም። ደሞ ቁመቱ አንድ ጫማ ሲደርስ የግንዶቹን ጫፍ ጫፍ ቆንጥጪው፣ አበባው ሁለት ሳምንት ይዘገያል ግን ከጎን ቅርንጫፍ ያበዛና ቁጥቋጦ ይሆናል፣ አይረዝምም አይወድቅም። የኔ የዘንድሮው በዚህ ምክንያት ድጋፍ አልፈለገም።

የበረንዳዋ ልጅ

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁና ልተዋችሁ። ከሥራ ስመለስ እናቴ ከጎረቤት ዛፍ የወደቀ ጭራሮ ለቅማ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ሳትመለምል ዙሪያውን ሰክታ፣ የተዘረረውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳች በጭራሮው መሃል አሳልፋ አቁማዋለች። በጓንት ነው፣ የዕቃ ማጠቢያውን ቢጫ ጓንት አድርጋ። ገመድ የለ ብሎን የለ፣ ቆሟል! ከመንገድ ሲታይ ጭራሮው አይታይም አበባው ብቻ ነው የሚታየው። ባሌ ዞር ዞር ብሎ አየና ምንም አላለም።

ትሬሊሱን አልነቅልም ብሏል ግን። እናቴ ቅል ልዝራበት እያለች ነው፣ ሬንተን ላይ ቅል ይበቅላል እንዴ? የሚያውቅ ካለ ይንገረን፣ ዘሩን ከጎንደር አስልኬ ሳልጨርስ።